የወንዙ ግሩፕ በረኛ

ጓደኛዬ ወደ ግሩፑ ከመግባቷ በፊት ሰዎች የሚጠብቁት የእኔን ጥያቄ ነበር። ጠዋት አክስቴ ሱቅ እደርሳለሁ፤ የሶላሩን ገመድ አስተካክዬ የሰዎችን ስልክ ቻርጅ ላይ እሰካለሁ፤ ከዚያ በራሴ ስልክ አንዲት መስመር እጽፋለሁ። «ዛሬ ባሮ እንዴት አደረ?» ነው የምለው። መልሱ እየተከታተለ ይመጣል። ኢታንግ ያሉት ውሃው ሳሩ ጋ መድረሱን ይጽፋሉ። ማታር ያሉት ጀልባ መምጣት አለመምጣቱን ይናገራሉ። ከድንበሩ ማዶ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ እኛ ዛሬ ያየነው ውሃ እነሱ ጋ መቼ እንደሚደርስ ይጠይቃሉ። አንዱ የያዘውን ዓሣ፣ ሌላው የጠፋች ፍየሉን ፎቶ ይለጥፋል።

እኔ የምናገር ሰው አይደለሁም። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት አልቀጠልኩም፤ እናቴ ስታርፍ ከአክስቴ ጋር መሥራት ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያን የምቀመጠው ኋላ ወንበር ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሲያናግረኝ አክስቴ ቀድማ ትመልስልኛለች። ስጽፍ ግን ማንም አያቋርጠኝም። ስለዚህ ግሩፑ ለእኔ ጨዋታ አልነበረም። ሰው «አንቺ ምን ትያለሽ?» ብሎ የሚጠይቀኝ እዚያ ብቻ ነበር።

በፊት ሌላ ቦታ ግሩፕ ነበረን። የከፈተው ሰው ስልኩን ተሰረቀና ሌባው በእሱ ስም ነውረኛ ፎቶ ይለጥፍብን ጀመር። እናቶች ደንግጠው ወጡ፤ ሌላውም ተበተነ። ስለ አሁኑ ቦታ የነገረኝ ጁባ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ነው። ብሎክቼይን ላይ የተሠራ ነው አለኝ። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። የምንለጥፈው ነገር በአንድ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ብቻ አይቀመጥም፤ በብዙ አገር ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ አንዱ ከአንዱ እየተያያዘ ይቀመጣል። ማንም ተነስቶ አይዘጋውም። የተለጠፈም አይጠፋም፤ የለጠፈው ሰው ራሱ እንኳ ሊያጠፋው አይችልም። ሰው ፖስትሽን ሲወድልሽ ነጥብ ታገኛለሽ። አካውንት የከፈተ ሁሉ አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰጡታል፤ ቁልፉ እነሱ ናቸው። ቃላቱን በተራ ያወቀ ሰው አካውንቱን ይከፍተዋል። ከጠፉ ደግሞ አካውንቱ ጠፋ ማለት ነው፤ ሄደሽ የምትለምኚው ቢሮ የለም።

ግሩፑ ራሱ አንድ ጠባቂ አለው፤ እኛ በረኛ እንለዋለን። ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው። የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ በረኛዋ እኔ ነበርኩ።

ግሩፕ መክፈት ቀላል ነው። የሚከብደው ሰው ነገም ተመልሶ እንዲመጣ ማድረግ ነው። አዲስ ሰው ሲገባ ከየት እንደመጣ እጠይቀዋለሁ፤ ልጇ የታመመባት ሴት ካለች ሳልረሳ በማግስቱ እጠይቃታለሁ። ነጥብ እንዳለ ሲሰማ ወንዙን አይተው የማያውቁ ሰዎች መጡ። ከየቦታው የተቀዳ ፎቶ እየለጠፉ «ላይክ አድርጉልኝ፣ ላይክ አደርጋለሁ» ይላሉ። እነሱን አንድ በአንድ አስወጣሁ፤ ሁሉንም ግን አልደረስኩባቸውም፤ ዝም ብለው የሚቀመጡ ነበሩ። ይህን ሥራ ማንም አላየውም። በር ሲጠበቅ የሚታይ ነገር የለም።

የምንጽፈው በአማርኛ ነው። ቤታችን የምንናገረው ቋንቋ የተለያየ ነው፤ በአማርኛ ግን ሁላችንም ስለምንሳሳት ማንም በማንም አይስቅም። ከደጋ የመጣው ዲማ ላይ ወርቅ የሚቆፍረው ሰውዬ ብቻ ነው። ለገበያ መጥቶ እኛ ጋ ስልኩን ቻርጅ ሲያደርግ ነው ግሩፑን ያየው። አንድም ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ ሳይዘጋ አይልክም።

ጓደኛዬን ያስገባኋት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ብዬ ስጽፍ እጄ ይዘገያል፤ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነን፣ ሌላ ስም አላገኘሁላትም። ኮሌጅ ጨርሳ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ታስተናግዳለች፤ ከመዘምራን ፊት ቆማ የምትጀምረውም እሷ ናት። የመጀመሪያ ቀን አንዲት መስመር እንኳ አልጻፈችም። በድምፅ ለጠፈች። አንድ መንገደኛ የደረቀ ዓሣ በጃኬቱ ውስጥ ደብቆ ሊሳፈር ሲል ሽታው እንዳሳጣው፣ ሰውዬውም «የሆድ መድኃኒት ነው» ብሎ እንደተሟገታት ተረከች። የፈታሹን ድምፅ ታወጣለች፤ የሰውዬውን ድምፅ ታወጣለች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ነጥቧን አየሁ። እኔ ስንት ጠዋት የጻፍኩበትን በአንድ ፖስት አልፋው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰዎች ለጥያቄዬ መልስ መስጠት አላቆሙም። ግን መልሱን ለእሷ ይሰጡታል። «የአውሮፕላኗ ልጅ፣ እኛ ጋ ውሃው ሞልቷል፣ ስሚ» ይላሉ። እኔ ጠይቄ እሷ ትሰማለች። ፖስቷን ሁልጊዜ አዳምጣለሁ፤ አክስቴ እንዳትሰማ ግን ድምፁን ቀንሼ ነው። አክስቴ ከወደደቻት የምሸሽበት አይኖረኝም ብዬ አስብ ነበር።

በዚያ ሰሞን ብዙ እናቶች ቃላታቸው ይጠፋባቸው ነበር። ወረቀት ላይ ጻፉ፣ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፣ ለማንም አትንገሩ እያልኩ እጽፋለሁ። ማንበብ የማይችሉትን ልጆቻቸው ያነቡላቸዋል፤ ደግሞም አያነቡላቸውም። ወረቀቱን ምስጥ ይበላዋል፤ ክረምት ሲመጣ ቤት ውስጥ የገባ ውሃ ይወስደዋል። ያኔ ጓደኛዬ በድምፅ አንድ ነገር አለች።

«እናቶቼ፣ ወረቀት ምስጥ ይበላዋል። አፋችሁ ውስጥ ምስጥ አይገባም። ዜማ ስጡት።»

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ማንበብ የማይችሉ እናቶች ጥቅስ የሚይዙት በዜማ ነው። የልጆቿን ስልክ ቁጥር በዜማ የያዘች ሴት አውቃለሁ፤ ቁጥር ስትጠየቅ መጀመሪያ ታንጎራጉራለች። ስለዚህ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ልጆቻቸው ቃላቱን እያነበቡላቸው እነሱ ዜማ አወጡለት። ከዚያ ወዲህ ቃላቱ ጠፉብኝ የሚል አልመጣም። ሐሳቡ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ያቃጠለኝ። እኔም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው ያደግኩት፤ ለምን ለእኔ አልመጣልኝም?

የዲማው ሰውዬ ያኔ በቅን ልቡ አንድ ሐሳብ አቀረበ። በረኛዋ ሰው የሚያዳምጣት ብትሆን አይሻልም ወይ ብሎ ጻፈ፤ የአሁኗ ትጉ እንደሆነች፣ ግን ድምፅዋን ማንም እንደማያውቀው አስረዳ። ድምፅ መስጫ ከፈተ። እዚያ ቦታ ድምፅ መስጫ ከተከፈተ መመለስ የለም፤ እሁድ ከሰዓት ይዘጋል፣ ሲዘጋ በረኛነቱ በራሱ ወዳሸነፈው ሰው ያልፋል። ዓርብ ማታ ጓደኛዬ እየመራች ነበር። የማታሯ እናት፣ ወንዙ ዳር ሻይ የሚሸጡ ትልቅ ሴት፣ ለእሷ ነበር ድምፅ የሰጡት። እኚህ ሴት ግሩፑ ውስጥ የገቡት ገና ማንም ሳይገባ ነው፤ ስልካቸውን ከፍተው፣ በልጃቸው እያስነበቡ የሚጠብቁት የእኔን ጥያቄ ነበር። አልጋዬ ላይ ሆኜ ስማቸውን በእሷ በኩል ተደርድሮ አየሁት። በረኛነቱ ከሄደ ጥያቄዬም እንደሚሄድ አወቅኩ። ነገ እሷ በድምፅ ትጠይቃለች፤ እኔም እንደ ማንም ሰው እመልሳለሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሱቅ ውስጥ ስልክ ስሰካ የማታሯ እናት ድምፅ መጣ። ከፈትኩት። ይዘምራሉ። ከኋላቸው ልጆች ያጨበጭባሉ። ዜማው የምናውቀው የእሁድ ዜማ ነው፤ ቃላቱ ግን እንግሊዝኛ ናቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለቱን በተራ ዘምረው ጨረሱና «ይኸው፣ ሁሉንም ይዣለሁ፣ ሃሌሉያ» አሉ።

ለሌላ ሰው አትንገሩ ብለናቸው ነበር። ለእሳቸው ግን ይህ መንገር አይደለም። ዜማ የተሰጠው ነገር ጉባኤ ፊት ይቀርባል፤ ተምሮ ለብቻ ይዞ የሚቀመጥ ሰው እንደ ንፉግ ይታያል። ይህን እሷም እኔም ማወቅ ነበረብን።

ወዲያው የኢታንግ ሴት መለሰች። የእሷ ዜማ ይበልጥ ያምራል፤ መጨረሻ ላይ እልልታ ጨምራበታለች። እኔ በፍጥነት ጻፍኩ፦ «እናቶቼ፣ አትዘምሩ። ቃላቱን የሰማ ሁሉ አካውንታችሁን ይከፍታል።» የዲማው ሰውዬ ከሥር «ልክ ናት።» ብሎ ጻፈ፣ በአራት ነጥብ ዘግቶ። እናቶቹ ግን ያዳምጣሉ እንጂ አያነቡም። ሌላዋም ዘመረች።

የድምፅ መቅጃውን ተጫንኩ። የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ፤ ከሱቁ ውጪ የባጃጅ ጥሩምባ ሰማሁ። አንድም ቃል አልወጣኝም። ሳልልከው አጠፋሁት። ለጓደኛዬ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው፤ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሰዓት ነበር። ሱቁን ለአክስቴ ትቼ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ባጃጅ ያዝኩ።

ከተማውን ስንወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታው እንደ ምራቅ አፌን ሞላው። ነገ ሁሉም «ይህን ያመጣችብን ማን ናት?» ሲል ይሰማኛል። የዲማው ሰውዬ ሐሳቤን ትቻለሁ ብሎ በአራት ነጥብ ዘግቶ ሲጽፍ ይታየኛል። ስልኬን ሳየው ግን የኢታንግ ሴት አካውንት በእንግሊዝኛ መለጠፍ ጀምሯል፤ «ላይክ አድርጉልኝ» የሚል ነገር ነው። እሷ እንግሊዝኛ አትጽፍም። ለነጥብ ከመጡት፣ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ የነበረ አንዱ አካውንቷን ከፍቷል ማለት ነው። ደስታው አብሮኝ ነበር፤ ግን ባለባጃጁን ፍጠን አልኩት።

ጥበቃው አላስገባኝም። በሩ ላይ መንገደኞች ሻንጣ እየጎተቱ ሲወጡ ቆሜ ጠበቅኩ። አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ወጣች፤ የደንብ ልብሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራዋለች። ሳታየኝ በፊት አየኋት፤ አምራለች። ስልኬን ሰጠኋት። የማታሯን እናት አዳመጠችና ሳቀች።

«ድምፃቸው ግን ሲያምር» አለች።

«ያምራል። እስከ መጨረሻው ስሚው።»

ሰማችው። ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረና ቀስ ብሎ ጠፋ። «ቃላቶቻቸው ናቸው?»

«ናቸው።»

«አንቺ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ጽፌላቸዋለሁ።»

«አያነቡም እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

ስልኬን መለሰችልኝ። እኔ ለምን እስከዚያ ድረስ በባጃጅ እንደመጣሁ የገባት ያኔ ይመስለኛል። አላፌዘችብኝም። ስልኳን አውጥታ «እኔ ልናገር፤ ምን እንደምል ግን አንቺ ንገሪኝ» አለች። ግድግዳው ጥላ ሥር ሆነን ነገርኳት። መዝሙሩን አቁሙ፤ የዘመራችሁ አዲስ አካውንት ክፈቱ፤ አዲሶቹን ቃላት ለማንም፣ ለእኔም ቢሆን አታሰሙ፤ በረኛዋ ደውላ ካረጋገጠች በኋላ ታስገባችኋለች። እሷ ይህን ሁሉ በራሷ አፍ አደረገችው።

«እናቶቼ፣ አሁን ዝም። ይህ መዝሙር እግዚአብሔርና እናንተ ብቻ የምትሰሙት ነው፤ ኳየር አያስፈልገውም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዜማ ስጡት ብዬ የት እንደሚዘመር አልነገርኳችሁም። ይቅር በሉኝ።»

መዝሙሩ ቆመ። ከዚያ ልብ የሚመስለው ምልክት በፖስቷ ሥር ይዘንብ ጀመር። «አይዞሽ ልጄ» አሉ። «ማን ያልተሳሳተ አለ» አሉ። የኢታንግ ሴት እንኳ፣ አካውንቷ የተወሰደባት፣ በልጇ ስልክ ገብታ አጽናናቻት። ጥፋቷ ሳይቀር አስወደዳት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተጠንቅቄ ያላገኘሁትን እሷ ተሳስታ አገኘችው።

ወደ ሱቅ ተመልሼ ለየእናቶቹ መደወል ጀመርኩ። ከአንድ ሰው ጋር፣ ሥራ ይዤ ሲሆን እንደምንም እናገራለሁ። አዲሱ አካውንት ላይ ምን ፎቶ እንዳደረጉ እጠይቃለሁ፤ ከነገሩኝ አሮጌውን አስወጥቼ አዲሱን አስገባለሁ። የማታሯ እናት ጀልባ ያለበት ፎቶ እንዳደረጉ ነገሩኝና እኔ ስፈልገው ቆየሁ።

«አለሽ?» አሉኝ።

«አለሁ፣ እናቴ።»

«መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ። ሌላ የምትይኝ የለም?»

«የለም። ገብተዋል።»

«ልጄ፣ ሰው ነሽ ወይስ በር?» አሉና ራሳቸው ሳቁ።

አሮጌዎቹ አካውንቶች ሲወጡ የሰጡት ድምፅም አብሮ ወደቀ። እናቶቹ እንደገና መምረጥ ነበረባቸው። ይህን አስቀድሜ አላሰብኩትም ብል ማን ያምነኛል? የዲማው ሰውዬ «በረኛዋ የራሷን መራጮች እያስገባች እንዳይሆን።» ብሎ ጻፈ። ፊቴ ነደደ። መልስ እየጻፍኩ እያጠፋሁ ሳለ ጓደኛዬ በድምፅ ገባች፤ «ደውይላቸው ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ፤ የምታስገባቸውም እኔን የመረጡትን ነው፤ አንተ እዚያ ወርቅህን ቆፍር» አለችው። እሱም ይቅርታ ጠየቀ፤ ሁሉም ሳቀ። የተከላከለችልኝ ለእኔ ነበር፤ የተወደደችው ግን እሷ ናት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የማታሯ እናት ድምፅ ለጠፉ። ቤቴ ሄጄ ብቻዬን ሰማሁት።

«ለወሬ ያቺን የአውሮፕላኗን ልጅ እወዳለሁ፤ አፏ ማር ነው። በር ላይ ግን አላቆማትም፤ የመጣውን ሁሉ ግባ፣ ቁጭ በል ትለዋለች። በር ላይ ያቺ የማትናገረዋ ትሁን። በስልክ ስታናግረኝ እንኳ ምንም አልነገረችኝም።»

ሌሎቹም እናቶች ተከተሏቸው። ድምፅ መስጫው ሲዘጋ በረኛነቱ እኔ ጋ ቀረ።

አሸንፌ ነበር። ግን የማታሯን እናት ፖስት ደግሜ ደጋግሜ ሳዳምጥ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው፦ እሷን ይወዷታል፤ እኔን ያምኑኛል። አንድም ሰው «ይህችን ልጅ ልስማት» አላለም። የመረጡኝ ሰው ቁልፍ እንደሚመርጥ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ አይናገርም፣ ብለው።

አመሻሹ ላይ ጓደኛዬ ዓሣ ይዛ እኛ ቤት መጣች። እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ፤ አቀፈችኝ። ከአክስቴ ጋር ዓሣውን እየጠራረገች የቅዳሜውን ነገር ነገረቻት፤ የማታሯን እናት ዜማ፣ የኢታንጓን እልልታ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ እኔ ምን ዓይነት ፊት ይዤ እንደቆምኩ ሳይቀር አስመስላ አሳየቻት። አክስቴ ብዙ የምትስቅ ሴት አይደለችም። እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች «በቃሽ፣ ገደልሽኝ» አለቻት። የፈራሁት ደረሰ።

ከበላን በኋላ ለብቻችን ስንሆን ጠየቅኳት። «አልከፋሽም?»

«በምኑ?»

«በረኛ ባለመሆንሽ።»

«እኔ? ሰው ማባረር የት እችልበታለሁ። እኔ ራሴ የመረጥኩት አንቺን ነው» አለች፤ አጥንት ከጥርሷ እያወጣች።

ፊቷን አየሁት። እውነቷን ነው። ውስጧ ምንም የተደበቀ ነገር የለም። እኔም የመረጥኩት ራሴን ነበር፤ ግን አልነገርኳትም። እሷ እንደ እኔ ትንሽ እንኳ ብትቀና ኖሮ ያን ምሽት ቀላል ይሆንልኝ ነበር።

አክስቴ እስከ መንገዱ ሸኘቻት። እኔ ስልኬን ከፍቼ ደጅ ያሉትን አየሁ፤ መግባት የሚፈልግ ሰው ለምን እንደመጣ በአንዲት መስመር ይጽፋል። አንዱ የዓሣ ነጋዴ ነኝ ይላል፤ አስገባሁት። ሌላው ስለ ነጥብ ይጠይቃል፤ ተውኩት። አንዲት ከድንበሩ ማዶ ያለች ሴት እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ያቺን የምታስቀውን ልጅ ለመስማት ነው።»

ጣቴን ከስክሪኑ በላይ ይዤ ቆየሁ። ከውጭ የአክስቴና የእሷ ሳቅ ገና ይሰማኛል፤ መንገዱ ላይ ቆመው እያወሩ ነው። ከዚያ ሴትየዋን አስገባኋት።